ኪሮሹ ሲቪ ላይ ይገባል፤ ዳንሱስ?

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ዋና ዋናውን ላንሳው።

በአካውንቲንግ ተመርቀሻል፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። ሥራ ፍለጋ ከጀመርሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው። ማስታወቂያው ሁሉ «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። «ዜሮ ዓመት» የሚል ሲገኝ ደግሞ የሚያመለክተው ሰው ብዛት አይጣል ነው። እስከዚያው ማታ ማታ ኪሮሽ ትሠሪያለሽ፤ የሶፋ ዳንቴል፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ አሁን አሁን ደግሞ የሕፃን ኮፍያ። ማለዳ፣ ቤተሰቡ ሳይነሳ፣ ስልክሽን ግድግዳ ላይ አስደግፈሽ ከዩቲዩብ የህንድ ክላሲካል ዳንስ ትለማመጃለሽ። ሲቪሽ ላይ ግን «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» በሚለው ቦታ የጻፍሽው «ማንበብ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ» ነው። ጥያቄሽ እንዲህ ይላል፦ «እውነቱን ብጽፈው ይስቁብኝ ይሆን? እናቴ ዳንሱን ተዪውና ኪሮሹን ንግድ አድርጊው ትለኛለች። ወይስ ሁለቱንም ትቼ ሥራ ፍለጋው ላይ ብቻ ላተኩር?»

ሁለቱንም አትተዪ። ግን በአንድ ዓይን አትዪያቸው። ኪሮሹ በደንብ ከያዝሽው ሥራ ለማግኘት ይረዳሻል፤ ያውም በአካውንታንትነት። ዳንሱን ግን ለጊዜው ገንዘብ አምጣ አትበዪው።

ከኪሮሹ ልጀምር። ደብዳቤሽ ውስጥ እንዲህ የሚል አለ፦ «ባለፈው አንድ የጠረጴዛ ልብስ በ1,200 ብር ሸጥኩ። ክሩ 450 ብር ስለሆነ 750 ብር አተረፍኩ።» እህቴ፣ አንቺ እኮ የሒሳብ ባለሙያ ነሽ። ይህን ሒሳብ ሌላ ሰው ቢያመጣልሽ ትቀበዪው ነበር? ሥራው ሁለት ሳምንት እንደፈጀብሽ ራስሽ ጽፈሻል፤ በየማታው ሦስት ሰዓት ገደማ። 42 ሰዓት ማለት ነው። 750 ብሩን ለ42 ስታካፍዪው በሰዓት 18 ብር እንኳ አይሞላም። ዕቃውን ለማድረስ ደግሞ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ደርሰሽ ተመልሰሻል። የሚኒባሱ ሒሳብ የትም አልገባም። ጎረቤትሽ በዱቤ የወሰደችው ሁለት ዳንቴልም «ስታገኝ ትሰጠኛለች» ከሚል በቀር ቀንም መጠንም የለውም።

ታዲያ «የለኝም» የምትዪው ልምድ ያለው እዚሁ ጋ ነው። አሠሪ ልምድ ሲጠይቅሽ ማወቅ የሚፈልገው እውነተኛ ገንዘብ፣ እውነተኛ ዕቃና እውነተኛ ባለዕዳ መዝግበሽ ታውቂ እንደሆነ ነው። እናንተ ቤት ሦስቱም አሉ። በፌስታል ያስቀመጥሽው ክር የጥሬ ዕቃ ክምችት ነው። ተጀምሮ ያላለቀው የአልጋ ልብስ በሂደት ላይ ያለ ሥራ ነው። የጎረቤትሽ ዱቤ ተሰብሳቢ ሒሳብ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሽ ስሙ በማይታወቅ ድርጅት ምሳሌ ስትሠሪው የነበረው ኮስት አካውንቲንግ (የምርት ወጪ ሒሳብ)፣ ሳሎናችሁ ውስጥ በእውን አለልሽ።

ስለዚህ ደብተር ያዢ። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ ስጪው። ክሩን ከመጀመርሽ በፊት መዝኚ፣ ስትጨርሺ የተረፈውን መዝኚ። ቤት ሚዛን ከሌለ የሰፈር ሱቅ ይመዝኑልሻል። ተበላሽቶ የተጣለውን ለብቻው ጻፊ። የተቀመጥሽበትን ሰዓት ጻፊ፤ ቡና ሲፈላ የተነሳሽበትን ቀንሺ። ትራንስፖርቱን አትርሺ። ዱቤውን ከነቀኑ መዝግቢ። ወር ሲያልቅ ገቢና ወጪውን በኤክሴል አውጪው። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ተምረሽ ከሆነም እዚያ ላይ አስገቢው። «ለዚህች ለዚህች» ብለሽ አትናቂው። የትንሽ ንግድ መዝገብም ቢሆን ወሩ ሲዘጋ እጅሽ ላይ ካለው ገንዘብና ዕቃ ጋር መመሳከር አለበት፤ እጅሽ የሚፈታው እዚያ ላይ ነው።

ሦስት ወር እንዲህ ከያዝሽ በኋላ ሲቪሽ ላይ የሚገባው ይህን የመሰለ ነው፦ «በእጅ የሚሠሩ የኪሮሽ ውጤቶች፣ በግል፣ ኮምቦልቻ። የጥሬ ዕቃ ፍጆታንና የሥራ ሰዓትን በየምርቱ መመዝገብ፤ የእያንዳንዱን ምርት ወጪ ማስላት፤ የዱቤ ሽያጭን መከታተል፤ ወርኃዊ የገቢና ወጪ መግለጫ ማዘጋጀት።» በእንግሊዝኛ ስትጽፊውም ሐሳቡ ይኸው ይሁን። ቦታው «የሥራ ልምድ» የሚለው ስር ነው። «ትርፍ ጊዜ» ውስጥ ከቀበርሽው ማንም አያየውም። «መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ» ብለሽ እንዳትጽፊ ግን አደራ። ቀጣሪ እንዲህ ዓይነቱን ማዕረግ ሲያይ የተቀረውንም መጠርጠር ይጀምራል። የሠራሽውን በልኩ ጻፊው፤ በቂ ነው።

ይህ ምክር ለየትም ከተማ ልጅ ይሠራል፤ ለኮምቦልቻ ልጅ ግን ይበልጥ። ከተማሽ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከደርግ ዘመን ጀምሮ አለ፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ደግሞ ሐምሌ 2009 ተመርቋል። ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ የኮስት ክፍል ቀኑን ሙሉ የሚያሰላው ምንድን ነው? አንድ ልብስ ስንት ጨርቅና ስንት ክር ይበላል፣ ምን ያህሉ በብክነት ይሄዳል፣ አንዱን ለመጨረስ ስንት ደቂቃ ይወስዳል። ብዙ ተመራቂ ይህን በቃል ያውቀዋል። አንቺ በእጅሽ ታውቂዋለሽ።

ክብ ዳንቴሉን ብቻ እንውሰድ። የመጀመሪያው ዙር 12 ስፌት ከሆነ ሁለተኛው 24፣ ሦስተኛው 36 እያለ ይሄዳል። በየዙሩ የምትጨምሪውን ካሳነስሽ መሐሉ ይጎደጉዳል። ካበዛሽ ጠርዙ ይወዛወዛል። ክፋቱ ስሕተቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው፤ ሁለት ሦስት ዙር ከሄድሽ በኋላ ነው ዳንቴሉ ጠረጴዛው ላይ አልተኛ የሚለው። ያኔ እየፈታሽ እየቆጠርሽ ስሕተቱ ከጀመረበት ዙር ትደርሺያለሽ። ቃለ መጠይቅ ስትገቢ አንድ ትንሽ ዳንቴል ከነወጪ ገጹ ይዘሽ ግቢ። ስለ ሥራሽ ሲጠይቁሽ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪና ክሩ ስንት ግራም እንደፈጀ፣ ብክነቱ ስንት እንደሆነ፣ ለምን በዚያ ዋጋ እንደሸጥሽው አስረጂ። የኮስት ክፍል ኃላፊ እንዲህ የምታስረዳ አመልካች በየቀኑ አያገኝም።

እናትሽ «ንግድ አድርጊው» ማለታቸውን በሙሉ አልቃወምም። ግን በዳንቴል አይደለም። የሶፋና የቴሌቪዥን ዳንቴል ከውጭ ከሚገባው የማሽን ዳንቴል ጋር ያጋፋሻል። ማሽን ዳንቴል የሚመስለውን ጨርቅ በርካሽ ያወጣዋል፤ በዋጋ አትችዪውም። ኪሮሽን ራሱን፣ ያንን በአንድ መርፌ ቀለበት ከቀለበት እየጎተቱ የሚሠሩትን፣ እስካሁን ከሰው እጅ የወሰደ ፋብሪካ የለም። ስለዚህ ሰው በልኩና በቀለሙ የሚያዝዘውን ሥሪ፤ የሕፃን ኮፍያ፣ ሻርፕ፣ የትከሻ ልብስ። ገበያው ደግሞ እጅሽ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ሞቅ ያለች ናት፤ ሻርፕ ማን ይገዛሻል? 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ስትዪ ግን ደሴ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ። ክረምት ገብቶ ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ለሕፃን ኮፍያ የማይፈልግ እናት የለም። የደሴውን ትእዛዝ ሰብስበሽ በአንድ ጉዞ አድርሺ። ግማሹን ቀብድ ተቀበዪ። ብድር ግን አሁን አትግቢ። ሽያጩ ከፍ ሲል ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ታወጪያለሽ፤ ያኔም ደብተርሽ ያግዝሻል።

አሁን ወደ ዳንሱ።

የምትለማመጂው ብሃራታናትያም እንደሆነ ጽፈሻል። ይህ የታሚል ናዱ ዳንስ ነው። ህንድ ክላሲካል ብላ የምትቆጥራቸው ዳንሶች ብዙ ናቸው፤ ካታክ ከሰሜን፣ ካታካሊ ከኬራላ፣ ኦዲሲ ከኦዲሻ፣ ሌሎችም። የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ፊልም ላይ የምናየው ከዚህም ከዚያም የተቀላቀለ ነው። ይህን መለየትሽ ደስ ብሎኛል፤ ቁም ነገር ብለሽ እንደያዝሽው ያሳያል።

ታዲያ ስለ አንድ ነገር እሰጋለሁ። ብሃራታናትያም መሠረቱ አራማንዲ የሚባለው ግማሽ ቁጭታ ነው፤ ጉልበት ወደ ጎን ተከፍቶ፣ ወገብ ቀጥ ብሎ። መከፈት ያለበት ከዳሌ ነው። ከዳሌ አልከፈት ሲል ጀማሪ ጉልበቱን ጠምዝዞ ይከፍተዋል፤ ጉልበት የሚጎዳው ያኔ ነው። በዚያ ላይ አዳቩ የሚባሉት መሠረታዊ እርምጃዎች በባዶ እግር ወለል መምታት አለባቸው፤ የእናንተ ወለል ደግሞ ሲሚንቶ ነው። ዩቲዩብ ያሳያል እንጂ አንቺን አያይሽም። «ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል» ያልሽው ነገር በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሕመሙ እስኪለቅሽ እርምጃውን አቁሚና የእጅ ምልክቶቹን፣ ሙድራዎቹን፣ ተለማመጂ። ካልለቀቀሽ ሐኪም ይየው። ከኪሮሹ ገቢ ላይ ትንሽ እያስቀመጥሽ በቪዲዮ ቀጥታ የምታስተምር መምህርት ፈልጊ። በወር ሁለት ጊዜ እንኳ የሚያርምሽ ዓይን ብታገኚ ብዙ ለውጥ አለው።

«ለሠርግ የፊልም ዳንስ ደንሺልን፣ እንከፍልሻለን» ያሉሽ ሰዎች እንዳሉም ጽፈሻል። ደስ ካለሽ ሂጂ፤ ነውር የለውም። ቤተሰብ ይወቅ፣ ክፍያው ቀድሞ ይያዝ፣ ማታ ቤትሽ የሚያደርስሽ ይኑር። ግን ይህን ሙያዬ ብለሽ እንዳታስቢው። ብሃራታናትያም የሚማሩ ልጆች አራንጌትራም የሚባለውን የመጀመሪያ መድረክ የሚወጡት ከዓመታት ሥልጠና በኋላ ነው። አንቺ ገና ደጃፉ ላይ ነሽ። ለዚህ ነው ገንዘብ አምጣ አትበዪው ያልኩሽ፤ ዳንሱ ሳይበስል እንጀራሽ ከሆነ የምትወጂውን ነገር ታጪዋለሽ።

በእውነት ልትገፊበት ከፈለግሽ ግን አንድ መንገድ አለ። የህንድ መንግሥት የባህል ግንኙነት ምክር ቤት፣ በአጭሩ አይ ሲ ሲ አር፣ ለኢትዮጵያውያንም የትምህርት ዕድል ይሰጣል። በዲግሪና በማስተርስ አለ፤ ዳንስና ሙዚቃ ለሚማሩም አለ። ማመልከቻው በኦንላይን ነው፤ መረጃውን አዲስ አበባ ካለው የህንድ ኤምባሲ ታገኚዋለሽ። እኔ ብሆን በሙያሽ፣ በኮሜርስ ወይም በፋይናንስ፣ ለማስተርስ አመለክት ነበር። ዳንሱን እዚያው በትርፍ ሰዓትሽ ከመምህር እግር ስር ትማሪዋለሽ። ስትመለሺ ሁለቱም እጅሽ ላይ ይሆናሉ። «ገንዘብ ክፈዪና እኔ ላስጨርስልሽ» የሚል ደላላ ከመጣ ሽሺው።

ስለ እናትሽ። ደብዳቤሽ ላይ እንደምንም ያለፍሽው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ለምን እንደማይወዱት አልጠየቅሻቸውም። የጎረቤት አፍ ሊሆን ይችላል፤ ሃይማኖት ሊሆን ይችላል። ሃይማኖቱ ከሆነ እውነቱን ንገሪያቸው። ብሃራታናትያም ከቤተ መቅደስ የወጣ ዳንስ ነው፤ ብዙዎቹ ድርሰቶች የሂንዱ አማልክትን ታሪክ ይተርካሉ። ታሪክ የሌለበት፣ እንቅስቃሴና ምት ብቻ የሆነ ክፍልም አለው፤ ንሪታ ይሉታል። የቱን እንደምትይዢና የቱን እንደምትተዪ ከእምነትሽ ጋር መክረሽ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ተደብቀሽ ግን አትለማመጂ። የጎረቤት አፍ ከሆነ ደግሞ የህንዳዊቷን ዳንሰኛ የሩክሚኒ ዴቪን ታሪክ አጫውቻቸው። እሷ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መድረክ ላይ ስትወጣ ይህ ዳንስ «ለጨዋ ልጅ አይሆንም» የሚባል ነበር። ወቀሳውን ችላ በ1936 እ.ኤ.አ. በማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ ካላክሼትራ የተባለውን የዳንስ ትምህርት ቤት መሠረተች። ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ አለ። ደግሞስ ባቲና አምባሰል የሚባሉ ቅኝቶች ያሉት የወሎ ሰው፣ ልጁ ምት ብትወድ ምን ይገርመዋል?

ሲቪው ላይ ዳንሱ አንድ መስመር ይበቃዋል፤ «ብሃራታናትያም፣ የደቡብ ህንድ ክላሲካል ዳንስ፣ በግል ልምምድ»። «ማንበብ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ» የሚለውን አውጪው፤ የሁሉም ሰው ሲቪ ላይ አለ። የሚስቅ ጠያቂ ሊያጋጥምሽ ይችላል። ፈገግ ብለሽ በየማለዳው በስንት ሰዓት እንደምትነሺና ምን እንደምትለማመጂ ንገሪውና ወደ ሒሳቡ ተመለሺ።

ማመልከትሽን በመሐል አታቋርጪ። ደብተሩን ሦስት ወር ከያዝሽ በኋላ አዲሱን ሲቪሽን ከአንድ የወጪ ገጽ ጋር ላኪልኝ፤ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን። የጎረቤትሽን ዱቤ ግን በዚህ ሳምንት ጠይቂ።