ቀይ ቀበሮን የምትወዱ፣ ውሻ አስከትቡ

ልጆቼ፣ ጡረታ ወጥቼ ሱሉልታ ከተቀመጥኩ ወዲህ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ብቅ ይሉብኛል። ጥያቄያቸው ያው ነው፦ «ጋሼ፣ ቀይ ቀበሮን ለማዳን ምን እንሥራ?» መልሴ ፊታቸውን ያጨፈግገዋል። እዚሁ ሰፈር ያለውን ውሻ ክተቡ እላቸዋለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ማታ የሚጮኸውን በስልክ ቀድታችሁ «ቀይ ቀበሮ አገኘን» አትበሉ። ቀይ ቀበሮ የቀረው በባሌ፣ በአርሲ፣ በስሜን፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ከፍተኛ ደጋዎች ነው። ለአቅመ መውለድ የደረሰው በጠቅላላ ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ የሚልቀውም ባሌ ላይ ነው።

እርሻው ሽቅብ እየወጣ መሬቱን መቀማቱ ይታወቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በሽታው ነው። ይህ እንስሳ ቀን ለየብቻው አይጥና ፍልፈል ያድናል፤ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ግን ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ ይላላሳል፣ ወሰኑን አብሮ ይዞራል፣ የአንዷን እናት ቡችሎች ሁሉም ይመግባል። እንዲህ ተቃቅፎ በሚኖር ቤት አንዱ በእብድ ውሻ በሽታ ከተያዘ ማን ይተርፋል? በሽታውን ደግሞ የሚያመጣው እረኛውን ተከትሎ ደጋ የወጣ ያልተከተበ ውሻ ነው። ዲስተምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ ተላላፊ በሽታም በዚያው መንገድ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የባሌው ወብ ሸለቆ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ አብዛኞቹን ቀበሮዎች ጨረሰ። ባለሙያዎቹ ሁሉንም እንክተብ አላሉም፤ አቅሙም አልነበራቸውም። ሸለቆውን ከሌላው መኖሪያ በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉትን ቀበሮዎች እየያዙ ከተቡ፤ በሽታውም ሳይሻገር ቀረ። በሙያችን ካየሁት ሁሉ የዚህን ያህል የሚያስቀናኝ የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ደብቆ ለቀበሮዎቹ መስጠት ተጀመረ። ቢሆንም ውሻው ካልተከተበ በሽታው በየጊዜው ተመልሶ ይመጣል።

የሱሉልታ ውሻ ባሌ አይደርስም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ሥራው ግን አንድ ነው፤ እዚህ ያልለመደ እጅ እዚያ ብርድ ላይ አይታዘዝም። ዙሪያችን የግንባታ ቦታ ነው፤ ሕንጻው ሲያልቅ ዘበኛው ይሄዳል፣ ውሾቹ ይቀራሉ። ከ100 ውሻ 70ው ከተከተበ በሽታው መስፋፊያ ያጣል። ቀበሌውን አናግሩ፣ ሰው ቤቱ በሚገኝበት በዓል ማግስት ውጡ።

ባለውሻውን አትገሥጹ። ለደገኛው እረኛ ውሻ ማለት የሌሊት ዘብ ነው፤ «አስወግድ» ካላችሁት ዳግም በሩን አይከፍትላችሁም። ስለ በጎቹ ጠይቁት፣ ቡናውን ጠጡ፣ ከዚያ ስለ መርፌው አንሱ። ውሻውን ራሱ ይያዝላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት ግን እናንተም ተከተቡ፤ የተነከሰ ካለ ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ «ትንሽ ጭረት ናት» ቢልም።