ማጣሪያው የሽንኩርቱን መድኃኒት ያስቀራል ወይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ሐርቡ አካባቢ ነው። ጉድጓዳችን ከሽንኩርት ማሳ ጥግ ነው፤ በበጋ መስኖ ጊዜ መድኃኒት በላይ በላዩ ይረጫል። ባለቤቴ ከደሴ የውኃ ማጣሪያ ገዝቶ መጣ። ሻጩ «ሁሉንም ያጣራል» ብሎታል። እኔ ግን አፍልቼ ነው ለልጆቹ የምሰጠው። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ «አብሽሩ» ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ። ግን ማፍላት የሚገድለው ጀርም ነው። ተቅማጥን ለመከላከል ፍቱን ነው፤ ፀረ ተባዩን ግን አብዛኛውን አያጠፋውም። እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲሄድ በቀረው ላይ ሊበረታ ይችላል። ውኃ አጋርም (ክሎሪኑ) ለጀርም እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ማጣሪያው እንደ ዓይነቱ ነው። የጀበና ውታፍ አተላውን ይይዛል፤ የቡናው ምሬት ግን አብሮ ይቀዳል። አልትራፊልትሬሽን የሚባለውም እንደዚያው ነው። ቀዳዳው 0.01 ማይክሮን ገደማ (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ስለሆነ ባክቴሪያ አያሳልፍም፤ ውኃው ውስጥ የሟሟ ኬሚካል ግን ሾልኮ ያልፋል። አብዛኛውን ፀረ ተባይ የሚይዙት ከዚያም የጠበቡት ማጣሪያዎች፣ ናኖፊልትሬሽንና ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባሉት፣ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ትንንሽ ሞለኪውሎች ያመልጧቸዋል፤ ለዚህ ነው ከሰል ያለበት ማጣሪያ አብሮ የሚገጠመው። ከሰሉ ሲጠግብ መያዙን ያቆማል፣ መቀየር አለበት። ናኖፊልትሬሽንና ሪቨርስ ኦስሞሲስ ደግሞ ግፊት ይፈልጋሉ፣ ግፊት ማለት ፓምፕና መብራት ነው (የመብራቱን ነገር እርስዎ ያውቁታል)። ማጣሪያው ለይቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ ውኃ የተጠራቀመ መድኃኒት ስላለበት ጉድጓዱ አጠገብ አይድፉት።

እና የባለቤትዎ ማጣሪያ ያለ ፓምፕ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ከሰልም ከሌለው፣ ሻጩ አጋኗል። ካርቶኑን ያንብቡት። እስከዚያው የልጆቹን መጠጥ ከቧንቧ ወይም ከማሳው በላይ ካለ ምንጭ ያስቀዱ።

እኔን ከማጣሪያው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ባዶው የመድኃኒት ጀሪካን ነው። ስንት ቤት ታጥቦ ውኃ ይቀዳበታል! ምንም ቢታጠብ ፕላስቲኩ የጠጣው አይለቅም። በስተው ከጥቅም ውጪ ያድርጉት። መርጫውንም ማንም ጉድጓድ አፍ ላይ እንዳያጥብ።

ከርጭት በኋላ ላብ ያጠመቀው፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ የዓይኑ ብሌን የጠበበ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ በግድ አያስታውኩት፣ ወተትም አይጋቱት። ልብሱን አውልቀው ገላውን በሳሙና ይጠቡት፤ የመድኃኒቱን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዘው ቶሎ ሆስፒታል ያድርሱት።