«አሁን በደንብ እያየሁ ኪኒኑን ለምን እውጣለሁ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ከሦስት ወር በፊት ራሴን ክፉኛ አመመኝ፣ ጆሮዬም ይጮህ ጀመር። በሳምንቱ ሁለቱም ዓይኖቼ ጭጋግ ለበሱ። ቪኬኤች የሚባል የዓይን ብግነት ነው ተብዬ ፕሬድኒሶሎን ጀመርኩ። አሁን የስልኬን ትንንሽ ጽሑፍ ሳይቀር አነባለሁ። ሐኪሜ ግን «ኮሮይድሽ ገና ወፍራም ነው» እያሉ ኪኒኑን ቶሎ አይቀንሱልኝም። ፊቴ ዳቦ መስሏል፣ እንቅልፍም የለኝም። ባቆመውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ በራስሽ እንዳታቆሚው! ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ነው፤ ሰውነትሽ ከውጭ የሚገባውን ስቴሮይድ ስለለመደ የራሱን ማምረት ቀንሷል። ድንገት ሲቋረጥ ሕይወትን አደጋ ላይ እስከ መጣል ይደርሳል፣ ዓይንሽን ሳንቆጥር ማለት ነው።

ኮሮይድ ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን ተቀባዩን የዓይን ሽፋን፣ ከጀርባው የሚመግብ፣ በደም ሥር የታጨቀ ስስ ሽፋን ነው። በጤነኛ አዋቂ መሃሉ ላይ ሲለካ 300 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የሚሊሜትር ሲሶ ቢሆን ነው። በቪኬኤች የራስሽ መከላከያ ሴሎች እዚያ ያሉትን ቀለም ሰጪ ሴሎች ጠላት መስለዋቸው ይዘምቱባቸዋል። ኮሮይዱ ያብጣል፣ ከ500 ማይክሮን በላይ ሲሆን በብዛት እናያለን፤ ፈሳሹ አፈትልኮ ሬቲናውን ከቦታው ያነሳዋል። ጭጋጉ ከዚያ መጣ። እነዚሁ ሴሎች ጆሮ ውስጥም ስላሉ ነው የጮኸብሽ። ቆዳና ፀጉር ላይም አሉ፤ ለምጽ ወይም ነጭ ሽፋሽፍት ብታዪ ለሐኪምሽ ንገሪያቸው።

መድኃኒቱ ሲጀመር ፈሳሹ ቶሎ ይደርቅና ማየት ይመለሳል። ኮሮይዱ ግን አመድ ስር እንዳለ ረመጥ ነው። በመብራት ሲታይ ሬቲናው ስለሚጋርደው ውፍረቱን የምናውቀው ኦሲቲ በሚባል፣ የዓይንን ጀርባ ሽፋኖች በብርሃን በሚያነሳ ማሽን ነው፤ በዚህ ማሽን ኮሮይድን አጥርቶ የማንሳት ዘዴ የመጣው እንኳ በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፣ ገና የትናንት ነገር። ሽፋኑ መልሶ መወፈር ሲጀምር፣ ብዙ ጊዜ አንቺ ምንም ሳይታወቅሽ፣ በሽታው ሊያገረሽ ነው ማለት ነው። ከጤነኛ ሰው ቁጥር ይልቅ ካለፈው ወር የራስሽ ቁጥር ጋር ይወዳደር። ውፍረቱ ጠዋትና ማታ ስለሚለያይ ከተቻለ የኦሲቲ ምርመራውን ሁሌም በተመሳሳይ ሰዓት አድርጊ።

«ሳሳ» ሲሉሽም ቶሎ ደስ አይበልሽ። እብጠቱ ጎድሎ ከሆነ እሰየው። ብግነቱ እየተመላለሰ ከሆነ ግን ደም ሥሮቹ ይመናመናሉ፣ ቀለሙም ይለቅና የዓይን ጀርባ ልትጠልቅ ያለች ጀምበር ይመስላል። እኛም በዚሁ ስም ነው የምንጠራው። ፎቶው ያምራል፣ ግን ማንም ላይ ማየት አልፈልግም።

ሕክምናው ቢያንስ ስድስት ወር ነው። ፊትሽ መጠኑ ሲቀንስ ይመለሳል። ካስጨነቀሽ ስቴሮይዱን ለመቀነስ የሚረዱ እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ መድኃኒቶች ስላሉ ሐኪምሽን ጠይቂያቸው፤ ለማርገዝ ካሰብሽ ግን ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ሜቶትሬክሴት ጽንስ ይጎዳል። ስኳርሽን፣ ደም ግፊትሽንና የዓይንሽን ግፊት አስለኪ። ለእንቅልፉ፣ ሐኪምሽ ሌላ ካላሉሽ ኪኒኑን ጠዋት ከቁርስ ጋር ዋጪው።