ለሐረሯ እህቴ፦ ዌብሳይቱ ይቆይሽ

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ ጀጎል ውስጥ የአለላ ስፌት (ቀለም በተነከረ ሣር የሚሠራውን) ይሰፋሉ፤ አንቺ ደግሞ በኦንላይን ልትሸጪላቸው አስበሻል። አንድ ባለሙያ ለዌብሳይት 45 ሺህ ብር ጠይቆሻል፤ በእጅሽ ያለው 12 ሺህ ነው። «ተበድሬ ላሠራ ወይ?» ብለሻል።

አቦ፣ አትበደሪ! እኔ ድሬዳዋ ሽቲና ድሪያ የሚባሉትን ቀሚሶች እያሰፋሁ ነው የምሸጠው። ጨርቁን ከቀፊራ ገበያ እገዛለሁ። ሱቅ የለኝም፤ ሽያጩ በሙሉ በስልኬ ነው። መጀመሪያ ግን ያደረግኩት አንቺ ያሰብሽውን ነበር። በ2013፣ ቴሌብር በመጣበት ዓመት፣ 30 ሺህ ብር ከፍዬ ዌብሳይት አሠራሁ። ያምር ነበር። በስምንት ወር ውስጥ በእሱ በኩል የገባልኝ ትእዛዝ አራት ብቻ ነው። ሰው ገጹን ያያል፣ ከዚያ ቁጥሬን ወስዶ በቴሌግራም «ይሄ አለ?» ይለኛል። ዓመቱ ሲሞላ ዶሜይኑ፣ ማለትም የገጹ አድራሻ፣ መታደስ ነበረበት። ለካ የተመዘገበው በሠሪው ስም ነው፤ እሱ ደግሞ ስልክ ማንሳት አቆመ። ገጹ ከነፎቶዎቼ ጠፋ። ያ ብር ዛሬም ይቆጨኛል፤ በእሱ ስንት ጣቃ ጨርቅ እገዛበት ነበር።

የአንቺ ዕቃ ደግሞ ከእኔም ይበልጥ ለዌብሳይት አይመችም። የዌብሳይት ሱቅ የሚያዋጣው አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ላለው ነው። እናትሽ ግን አንዱን ስፌት ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፤ ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ዛሬ አውጥተሽው ነገ ይሸጣል፣ ታነሺዋለሽ። ለዚህ የቴሌግራም ቻናል ይበቃሻል። ነፃ ነው፣ ዛሬ ማታ ይከፈታል፣ ዳታም ብዙ አይበላም። ስሙን አጭር አድርጊው፤ በስልክ ስትናገሪው ሰው ሳይሳሳት የሚጽፈው ይሁን። ከላይ አንድ መልእክት ፒን አድርጊ፦ እንዴት እንደሚታዘዝ፣ በምን እንደሚከፈል፣ በምን እንደሚላክ። የተሸጠውን አታጥፊው፤ «ተሸጧል» ብለሽ ጻፊበት። አዲስ ሰው ገብቶ ሲያይ ገዢ እንዳለሽ ያውቃል፣ «እንደዚህ ዓይነት ይሰፋልኛል?» ብሎም ትእዛዝ ይሰጥሻል።

ከሁሉም በላይ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፦ ዋጋውን ጻፊ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ልማድ ተዪው። እኔም ለአንድ ዓመት እንደዚያ አደርግ ነበር፤ ሰው ዋጋ ሲደብቁበት ፊቱን አይተው የሚጨምሩበት ይመስለዋል። ብዙው ሳይጠይቅ ያልፋል። ዋጋ መጻፍ ስጀምር የሚጠይቀኝ ሰው ቀነሰ፣ የሚገዛኝ ግን ጨመረ። ከዋጋው ጋር ስፋቱንና ቁመቱን በሴንቲሜትር ጻፊ። ስፌት በፎቶ ሲታይ ትልቁም ትንሹም አንድ ነው። «መካከለኛ» ብትዪ አዲስ አበባ ያለው ሰው ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም።

ፎቶው ላይ ደግሞ ጊዜ ውሰጂ። ካሜራ አትግዢ፣ ስልክሽ ይበቃል። ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጥላ ያለበት በረንዳ ላይ አንሺ። እኩለ ቀን ላይ ቀዩ ክር ብርቱካናማ መስሎ ይወጣል፤ ደንበኛ ሲደርሰው «ያዘዝኩት ይሄን አይደለም» ይልሻል። ያንን በድሪያ አይቼዋለሁ። አንዱን ፎቶ ከቅርብ አንሺ፣ ስፌቱ ይታይ። አንዱን በእናትሽ እጅ፣ መጠኑ እንዲገባ። አንዱን ደግሞ እንደ አገራችሁ ወግ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ። ሐረር ቤት ውስጥ ስፌት ግድግዳውን ሞልቶ ሲታይ ምን እንደሚመስል ሌላው ሰው አያውቅም። እሱን አሳዪው።

ክፍያ በቴሌብር፣ በሲቢኢ ብር ወይም በባንክ ይሁን። የክፍያ ስክሪንሾት ግን አምነሽ አትቀበዪ! ሁለት ድሪያ የሄደብኝ በተቀነባበረ ስክሪንሾት ነው። የራስሽን ሂሳብ ከፍተሽ ገንዘቡ መግባቱን ሳታዪ ዕቃ ከቤት አይውጣ። በትእዛዝ ለሚሰፋ ደግሞ ግማሹን ቀብድ ተቀበይ። ከገዢው ጋር የተጻጻፋችሁትንም አታጥፊ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለእንዲህ ያለ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ይሰጣል።

ወደ ድሬ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በሚኒባስ ይደርሳል። ለአዲስ አበባ በአውቶቡስ ቢሮ በኩል ላኪ፤ ደረሰኙን ፎቶ አንስተሽ ወዲያው ለገዢው ላኪለት። ስፌት ዕቃ ከተጫነበት ይጨማደዳል፣ ስለዚህ ጠንካራ ካርቶን ያስፈልግሻል። ከኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ባዶውን በርካሽ ታገኛለሽ። የመላኪያው ሂሳብ የማን እንደሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ።

ውጭ አገር ላሉት ዋትስአፕ ቢዝነስ ክፈቺ፤ እሱም ነፃ ነው። እስከ 500 ዕቃ የሚይዝ ካታሎግ አለው። ፔይፓል ከኢትዮጵያ ሆነሽ ገንዘብ መቀበያ አይሆንሽም፣ ሌላው የውጭ የክፍያ አገልግሎት ስትራይፕም እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ገዢው እዚህ ባለ ዘመዱ በኩል ቢከፍልሽ ወይም በባንክ ሐዋላ ቢልክልሽ ይቀላል። ሾፒፋይ (ተዘጋጅቶ የሚከራይ የኦንላይን ሱቅ) የሚሉሽም አይጠፉም። በየወሩ በዶላር ነው የሚከፈለው፤ ለአሁኑ እርሺው።

ዌብሳይት ጭራሽ አይሠራ አልልም። መልስ መስጠት ሲያቅትሽ፣ ተመሳሳይ ትናንሽ ስፌቶች በብዛት ሲኖሩሽ ያን ጊዜ አሠሪ። የዌብሳይትና የኦንላይን ሱቅ መሥሪያዎቹ ዎርድፕረስና ዉኮሜርስ ነፃ ናቸው፤ የምትከፍዪው ለዶሜይን፣ ለሆስቲንግ (ገጹ ኢንተርኔት ላይ ለሚቀመጥበት ቦታ) እና ለሠሪው ነው። ቻፓን የመሰሉ የክፍያ አገናኞች ከእሱ ጋር ይገጠማሉ፤ ግን ንግድ ፈቃድና ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ይጠይቃሉ። ፈቃዱን እስከዚያው አውጪ። ዶሜይኑም በራስሽ ስም፣ በራስሽ ኢሜይል ይመዝገብ። የይለፍ ቃሉ እጅሽ ሳይገባ የመጨረሻውን ክፍያ አትክፈዪ።

12 ሺው ብር? ሁለት ሺውን ለካርቶን፣ ለማሸጊያና ለመጀመሪያዎቹ መላኪያዎች ያዢ። የቀረውን ለእናትሽ ክርና አለላ ግዢበት። አሥር የተለያየ ስፌት ሳይኖርሽ ቻናሉን ለሰው አታሰራጪ፤ ባዶ ሱቅ የገባ ሰው ተመልሶ አይመጣም።

አሥሩ ሲሞላ ሊንኩን እዚሁ ጣይልኝ። እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለች አንዲት ደንበኛዬ ለልጇ ሠርግ ትልቅ ስፌት እየፈለገች ነው፣ አገናኛችኋለሁ።