ባልዱርስ ጌት 3ን ለጨረሰ ሰው ጠረጴዛው ምን ይጨምርለታል?

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከው ይኼን ነው፦ ባልዱርስ ጌት 3 የተባለውን የኮምፒውተር ጌም ጨርሰሃል። የሥራ ባልደረቦችህ ደግሞ ዓርብ ማታ በወረቀትና በዳይስ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ወደሚጫወቱት ዲ ኤንድ ዲ (ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ) ጋብዘውሃል። «ኮምፒውተሩ ሁሉንም እያሳየኝ ወረቀት ላይ ነጥብ መደመር ምን ይረባኛል? ካራክተሬንስ ይዤ መሄድ እችላለሁ?» ብለሃል። ሁለቱንም ለዓመታት ስለተጫወትኩ ትንሽ ላስረዝምብህ ነው።

ባጭሩ ሂድ። ግን ያንኑ ጌም በሌላ መልክ አገኛለሁ ብለህ አትሂድ።

ዘራቸው አንድ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዲ ኤንድ ዲን ያወጡት በ1974 ነው (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በዓመቱ አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ፣ ፕላቶ በሚባለው የኮምፒውተር መረብ ላይ፣ ያንኑ የሚመስሉ ጌሞች ብቅ አሉ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ «ፔዲት 5» በሚል አሰልቺ የፋይል ስም ተደብቆ ነበር የሚኖረው። ኃላፊዎቹ ጌም መሆኑን ሲደርሱበት ይሰርዙታል፣ ተጫዋቾቹ መልሰው ይጭኑታል። ዛሬ በየጌሙ የምታየው ሌቭል (የምትጫወተው ሰው ደረጃ)፣ ክላስ (ሙያው)፣ የሕይወት ነጥብ፣ ሁሉም ከጠረጴዛው የመጣ ነው።

ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የወሰደው ሥራ ሒሳቡን ነው። እሱንም ጥሩ አድርጎ ይሠራዋል። በ1998 የወጣው የመጀመሪያው ባልዱርስ ጌት የቆመበት የድሮ ሕግ፣ ጋሻህ በተሻለ ቁጥር የመከላከያ ነጥብህ የሚቀንስበት ግራ የገባው ሒሳብ ነበረው። በወረቀት ስትጫወተው ራስ ያዞራል። ጌሙ ላይ ግን ማሽኑ ሲደምር ሲቀንስ አንተ ጎራዴው ሲወዛወዝ ታያለህ። ከማታ ሽፍት ወጥተህ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ፣ ማንንም ሳትቀሰቅስ መጫወት መቻልህም ቀላል ነገር አይደለም።

በጽሑፍ ጥራትም አልከራከርህም። የአብዛኛው ጠረጴዛ ወሬ እንደ ፕሌንስኬፕ ቶርመንትና ዲስኮ ኤሊዚየም ያሉትን የኮምፒውተር ጌሞች ቃለ ምልልስ አጠገቡም አይደርስም። እኛ እኮ እየበላን ነው የምናወራው። (የዲስኮ ኤሊዚየም ዓለም ግን ራሱ ኤስቶኒያ ውስጥ ጓደኛሞች በጠረጴዛ ሲጫወቱት የተወለደ ነው። ይቺን ያዝልኝ።)

ከላይ አንዱ ወንድማችን «ጠረጴዛው ላይ ሙሉ ነፃነት አለ፣ የፈለግከውን ታደርጋለህ» ብሎ መልሶልሃል። አልስማማም። ባልዱርስ ጌት 3 ላይ ያገኘኸውን ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉ መግደል ትችላለህ፤ ጌሙ ምንም ሳይከፋው ታሪኩን ይቀጥልልሃል። ጠረጴዛ ላይ ያንን ብታደርግ ሌሎቹ ወረቀታቸውን አጥፈው ይነሳሉ። ነፃነትህ የጌም ማስተሩ (ታሪኩን የሚመራው ሰው) ትዕግሥትና የጓደኞችህ ፍላጎት እስከሚፈቅዱልህ ድረስ ነው። በዚህ በኩል ኮምፒውተሩ ይበልጥ ልቅ ነው።

ለኔ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚወጣው ስትሸነፍ ነው።

ጌሙ ላይ በረኛውን ልትዋሸው ሞከርክ፣ ዳይሱ ከዳህ። ምን ታደርጋለህ? ኤፍ 8 ትጫናለህ፣ መጨረሻ ሴቭ ያደረግከው ይመለሳል፣ ከበሩ ፊት ለፊት እንደ አዲስ ትቆማለህ። ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው። እኔን ጨምሮ ብዙ ሰው ጌሙን የጨረሰው አንዴም ሳይሸነፍ ነው፤ ሽንፈቶቹ ሁሉ ተሰርዘዋላ። ጠረጴዛ ላይ ሴቭ የሚባል ነገር የለም። የወጣው ቁጥር ወጥቷል፣ ሁሉም ሰው አይቶታል።

እኛ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አንድ የሐበሻ ቡድን አለን። የጨዋታው ሕግ በእንግሊዝኛ ነው፣ ወሬው በአማርኛ። አንድ ቀን ወደ ከተማ ለመግባት ሌባ ሆኖ የሚጫወተው ጓደኛችን «ግብር ሰብሳቢዎች ነን» ብሎ በረኛውን ሊሸውድ ሞከረ። ባለ 20 ገጹን ዳይስ ወረወረ፣ 3 ወጣ፤ ከሸፈበት። ውጊያ ይነሳል ብለን ስንጠብቅ ጌም ማስተራችን በረኛውን ቁርጥ የቀበሌ ጸሐፊ አድርጎ ተጫወተው። «እሺ፣ ደብዳቤያችሁስ? ማህተሙስ? በሉ ግቡ፣ ኃላፊው ናቸው የሚያናግሯችሁ።» ኃላፊው ውሸታችንን አወቁ። ግን ሰው አጥሯቸው ነበርና ከማሰር ይልቅ ሥራ አሠሩን። እነዚያ ጀግኖች ለሳምንታት የግብር መዝገብ ሲገለብጡ ከረሙ። ስንፈልገው የነበረውን ወንጀለኛ ስም ያገኘነው እዚያው መዝገብ ውስጥ ነው፤ ለሦስት ዓመት ግብር አልከፈለም። ጌም ማስተሩ በኋላ እንደነገረን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አስቀድሞ አላሰበውም ነበር። ያ 3 ባይወጣ ኖሮ በበሩ ገብተን፣ ሆቴል ይዘን፣ እንደማንኛውም ሰው እንቀጥል ነበር።

ጌም ሠሪ ይኼን ማድረግ ቢፈልግም አይችልም። ለእያንዳንዱ ሽንፈት አዲስ ታሪክ መጻፍ፣ ተዋናይ ማስቀረጽ፣ ሥዕሉን መሥራት አለበት። ባልዱርስ ጌት 3 ሌቭል 12 ላይ የሚቆመውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ጠረጴዛው ላይ እስከ 20 ትሄዳለህ። የጌሙ ሠሪዎች ላሪያኖች ራሳቸው ከዚያ በላይ ያሉትን አስማቶች ጌም ውስጥ ማስገባት እጅግ ከባድ መሆኑን ተናግረዋል። በትልቁ ሌቭል «ዊሽ» የሚባል አስማት አለ፤ የምትመኘውን በአፍህ ትናገራለህ፣ ጌም ማስተሩ ይፈጽመዋል። አንዳንዴ ነገሩን አጣሞብህ። ይኼንን ምን ዓይነት ፕሮግራመር ይጽፈዋል?

ዳይሱም አንድ አይደለም። ባልዱርስ ጌት 3 ላይ ስታግባባም ሆነ ቁልፍ ስትሰብር 20 ከወጣ የግድ ይሳካል፣ 1 ከወጣ የግድ ይከሽፋል። በ2014ቱ የጠረጴዛ ሕግ ግን ይኼ የሚሠራው በዋናነት ለጥቃት ነው። ንጉሡን «ዘውድህን ስጠኝ» ብለህ 20 ብታወጣ ንጉሡ ቀልድ መስሎት ስቆ ይተውሃል፤ ሽልማትህ አለመሰቀልህ ነው። ጌሙ ደግሞ ካርሚክ ዳይስ የሚባል ነገር አለው። መጥፎ ዕድል ሲደጋገምብህ በስውር ያግዝሃል፣ ካልፈለግከው ከሴቲንግ ታጠፋዋለህ። የጠረጴዛው ፕላስቲክ አያዝንልህም።

አሁን መጥፎውን ልንገርህ። የጠረጴዛው ትልቁ ጠላት ድራጎን ሳይሆን ካላንደር ነው። አንዱ የማታ ተረኛ ነው፣ አንዱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለበት፣ አንዷ ልጅ አላት። ጨዋታ ከምንጫወተው ይልቅ ቀን ስንቀያየር የምናጠፋው ጊዜ ሳይበልጥ አይቀርም። ውጊያውም ቀርፋፋ ነው። ጌሙ ላይ በሩብ ሰዓት የምትጨርሰው ጠረጴዛ ላይ ምሽትህን ሊበላው ይችላል፣ በተለይ ተራው ሲደርስ «ቆይ፣ የኔ አስማት ምን ነበር?» የሚል ሰው ካለ። ሁሌም አለ።

ጌም ማስተሩ መጥፎ ከሆነ ደግሞ ቤትህ ብትቀመጥ ይሻልሃል። አንድ ጊዜ ታሪኩን ሙሉ በሙሉ ቤቱ ጽፎ የሚመጣ ሰው ጋር ገባሁ። ወደ ግራ ስንሄድ መንገዱ ይዘጋል፣ ወደ ቀኝ ስንሄድም ይዘጋል፣ እሱ ወደ መረጠው ዋሻ ብቻ ክፍት ነው። ኮምፒውተር ሆነ ማለት ነው፣ ያውም ያለ ሥዕልና ያለ ሙዚቃ። ከዚያ ቡድን ቶሎ ወጣሁ፤ አንተም እንዲህ ከገጠመህ ይሉኝታ አይያዝህ።

ወጪን በተመለከተ፣ ለጌሙ 150 ጊጋባይት ቦታ ከነ ጥሩ ግራፊክስ ካርዱ ያስፈልግሃል። አዲስ አበባ ያላችሁ የዳታ ፓኬጁን አስቡት። የዲ ኤንድ ዲ መሠረታዊ ሕግ ግን ከጥር 2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ የተለቀቀ ነው። አንድ ሰው ካወረደው ለሁሉም ይበቃል። ዳይስም ባይኖራችሁ ስልክ ላይ አፑ ሞልቷል። መብራት ቢጠፋ በሻማ መቀጠል ይቻላል። ጓደኞቻችሁ አንዱ ዳላስ፣ አንዱ ፍራንክፈርት ከሆኑ እንደ ሮል 20 ያሉ ድረ ገጾች ጠረጴዛውን ኢንተርኔት ላይ ያመጡላችኋል። ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መሳቅን አይተካም።

ወደ ዓርብህ ልመለስ። ጌሙ ላይ የለመድካቸውን አንዳንድ ነገሮች ቤትህ ትተህ ሂድ። እያንዳንዱን ሳጥንና በርሜል አትክፈት፤ ሰው እየጠበቀህ ነው። «ፐርስዌዥን (ማግባባት) እወረውራለሁ» አትበል፣ ለሰውየው ምን እንደምትለው ተናገር፤ ዳይሱን መቼ እንደምትወረውር ይነግሩሃል። «ምን ታደርጋለህ?» ሲሉህ ስክሪን ላይ የሚመጣ የምርጫ ዝርዝር የለም። መጀመሪያ ላይ ዝም ትላለህ፣ ምንም አይደለም፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጀምረው።

ካራክተርህን ስሙንና ጠባዩን ይዘህ መሄድ ትችላለህ። ኃይሉን ግን አትችልም፤ ከሌቭል 1 የሚጀምሩ ከሆነ ያ ሁሉን ያቃጥል የነበረው ጠንቋይህ በአንድ ጎብሊን (ትንሽ ጭራቅ) ሁለት ምት ሊዘረር ይችላል። የ2014ቱን መጽሐፍ ነው ወይስ የ2024ቱን የሚጠቀሙት ብለህ አስቀድመህ ጠይቃቸው። ለምሳሌ በአሮጌው መድኃኒት መጠጣት የተራህን ዋና ድርጊት ይበላል፤ በአዲሱ እንደ ባልዱርስ ጌት 3 ጠጥተህ መምታት ትችላለህ። እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስና ላጲስ ያዝ፤ የሕይወት ነጥብህን ስትፍቅና ስትጽፍ ነው የምታመሸው።