«ሴሌኒየም»፣ «አራሚ» ወይስ «ማቃኛ»?

ጥያቄ፦ መምህር ጤና ይስጥልኝ፣ አዳማ ነው ያለሁት። አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፣ አሁን ሱቁን እኔ ይዤዋለሁ። የድሮ ሬዲዮ ሲመጣ አባቴ «ሴሌኒየሙ ሄዷል» ይላል፣ እኔ የተማርኩት «ሬክቲፋየር» ብዬ ነው፣ ያው ኮረንቲን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው እቃ፣ አንድ የተተረጎመ ጽሁፍ ላይ ደሞ አንዴ «አራሚ» አንዴ «ማቃኛ» ተብሎ አየሁ። የቱ ነው ትክክለኛው አማርኛ?

መልስ፦ ወንድሜ አባትህ ምንም አልተሳሳቱም፣ ከሱ ልጀምር። መልስ ከመጻፌ በፊት እቃውን በአይኔ ማየት ስለፈለግኩ እዚሁ አዳማ አንድ የድሮ ጠጋኝ ጋ ሄጄ ነበር፣ ከመሳቢያው ፈልጎ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ብስኩት የሚያካክሉ አራት ማዕዘን ቆርቆሮዎች መሃላቸው ተበስቶ በአንድ ረጅም ብሎን ላይ ተሰክተዋል፣ ሙቀቱ እንዲወጣ በየመሃላቸው ክፍተት አለ። ሴሌኒየም የሚባለው ቆርቆሮው ላይ የተለበጠው ስስ ነገር ነው። አንዱ ቆርቆሮ በግልባጭ የሚመጣበትን ኮረንቲ የሚመክተው 20 ቮልት ገደማ ቢሆን ነው፣ የቤታችን ደሞ 220 ስለሆነ ነው እንደዛ የሚደረደረው። ሲቃጠል የበሰበሰ ሽንኩርት የሚመስል ክፉ ሽታ አለው አለኝ፣ ጭሱ መርዝ ስለሆነ ያኔ መስኮት መክፈት ነው።

እና አባትህ እቃውን በተሰራበት ነገር ስም ጠሩት ማለት ነው፣ ይሄ ደሞ በአማርኛ የተለመደ ነገር ነው፤ «ብርጭቆ አምጪ» ስንል መጠጫውን፣ «ጎማው ተነፈሰ» ስንል የመኪናውን እግር፣ «ላስቲክ ስጠኝ» ስንል መያዣውን ነው። ሴሌኒየም የሚለው ስም ራሱ ከግሪክ «ጨረቃ» የመጣ ነው፣ ንጥረ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1817 ያገኘው ስዊድናዊው በርዜሊየስ ዘመዱ የሆነው ቴሉሪየም አስቀድሞ በመሬት ስም ተሰይሞ ስለነበር ይሄኛውን በጨረቃ ሰየመው።

ግን እባክህ ስሙን ዛሬ ያንኑ ስራ ወደሚሰራው ትንሽ እቃ፣ ወደ ዳዮድ አታሻግረው። የዛሬው ከሲሊከን ነው የሚሰራው፣ ኮረንቲው ሲያልፍበት የሚበላው 0.7 ቮልት ገደማ ብቻ ነው፣ የሴሌኒየሙ ድርድር ግን ከዛ በጣም ይበልጣል። ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራሃቸው ለማጁ ልጅ «ሴሌኒየም ቀይር» ስትለው ዳዮድ አንስቶ ዝም ብሎ ይበይዳል፣ ከዛ ቮልቴጁ ከለመደው በላይ ይወጣና ኮረንቲ የሚያጠራቅመው ያረጀ ኮንደንሰር ይፈነዳል፣ ለዛ ነው አዋቂዎቹ ሲቀይሩ ትርፉን ቮልቴጅ የሚበላ ሬዚስተር አብረው የሚያስገቡት። እዚህ ጋ የቃል ጉዳይ የእቃ ጉዳይም ነው።

«አራሚ» የሚለውን ግን አልቀበልም። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ከፍቶ የእንግሊዝኛው ቃል «ማረም» የሚል ትርጉምም እንዳለው አይቶ ነው ያንን የወሰደው። የሚታረም የተሳሳተ ነገር ነው፣ ከግድግዳ የሚመጣው ኮረንቲ ምን ተሳሳተ? በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፣ ተፈጥሮው ነው። እቃው የሚያደርገው ወደ አንድ በኩል የሚሄደውን ማሳለፍ የሚመለሰውን መከልከል ነው፣ በዚህም ወዲያ ወዲህ የሚለው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። የቃሉ መሰረት የላቲኑ «ሬክቱስ» ነው፣ ቀጥ ያለ ማለት ነው፣ ጣሊያኖቹም እቃውን «ራድሪዛቶሬ» ይሉታል፣ አቃኚ ማለት ነው። የኛም «ቀና» ይሄንኑ ነው የሚለው፤ የተጣመመ ሚስማር ይቃናል፣ ያጎነበሰ ቀና ይላል፣ መንገደኛ ስንሸኝ «ይቅናህ» እንላለን።

ስለዚህ «ማቃኛ» ጥሩ ቃል ነው፣ እርባታውም ልክ ነው፣ ማቃናት ካለ ማቃኛ ይኖራል። ችግሩ ሬዲዮ ውስጥ መግባቱ ነው፣ ምክንያቱም እዛው ሬዲዮ ላይ «መቃኛ» አለ! ጣቢያ የምትፈልግበት ቁልፍ፣ ክራር ከሚቃኝበት «ቃኘ» የመጣው። አንዱ «መ» አንዱ «ማ» ነው፣ በወረቀት ይለያል፣ ጫጫታ ባለበት ሱቅ ውስጥ ግን ማን ይለየዋል። እኔ ለተማሪዎቼ የምለው ሁለቱንም ብቻቸውን አትተዋቸው ነው፤ ይሄኛውን «ጅረት ማቃኛ» (ጅረት ያው ኮረንቲው ነው) ያንኛውን «ጣቢያ መቃኛ» በሉ፣ ያኔ አይምታታም።

ሱቅህ ውስጥ ግን «ሬክቲፋየር» ማለትህን ቀጥል፣ ኮረንቲንም ከጣሊያን ወስደን የራሳችን አድርገነዋል ማንም አላፈረበትም። የደንበኛ ወረቀት ላይ ስትጽፍ ብቻ ዝርዝር አድርገው፣ «ሴሌኒየም ሬክቲፋየሩ ተቃጥሏል፣ በሲሊከን ተቀይሯል፣ ሬዚስተር ገብቷል» ብለህ፣ ከአምስት አመት በኋላ ያንን ሬዲዮ የሚከፍተው ሌላ ጠጋኝ ምን እንደተሰራበት ያውቃል።