የፈረስ ደም ያበላል ወይ?

የእንስሳት ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። የመመረቂያ ጥናትሽን ሩጫ የፈረስን የደም ፕሮቲን እንዴት እንደሚለውጥ ላይ መሥራት ፈልገሻል። ክፍያሽን የሚሸፍነው ወንድምሽ ግን «የፈረስ ደም ማንን ያበላል? ዶሮ ላይ ሥሪ» አለሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ተናደድኩ።

ወንድምሽ በአንድ ነገር ልክ ነው፤ በፈረስ ብቻ የሚኖር ባለሙያ ጥቂት ነው። የሳተው ግን አንቺ የምትማሪው ፈረስ ሳይሆን ውጤት ማንበብ መሆኑን ነው።

ከሮጠ ፈረስ ደም ቀድተሽ ጠቅላላ ፕሮቲኑ ከፍ ቢል፣ ፕሮቲን ተመረተ ማለት አይደለም። ውሃው ከደም ሥር ወጥቷል፤ በላብም ሄዷል። ፈረስ ሲሮጥ በሰዓት ከ10 ሊትር በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ውሃ ማነሱን ለማወቅ በሄማቶክሪቱም፣ ማለትም ቀይ ሴሎች ከደሙ በሚይዙት ድርሻ፣ ብቻ አትተማመኚ። ጣፊያ ተኮማትሮ ያከማቸውን ቀይ ሴል ስለሚለቅ፣ በእረፍት 40 በመቶ አካባቢ የነበረው ከ60 ሊያልፍ ይችላል። ከረጅም ጉዞ በኋላ፣ በማግስቱ ሴረም አሚሎይድ ኤ የተባለው የብግነት ፕሮቲን በብዙ እጥፍ ቢያሻቅብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያንን ጉበት አዲስ ሠርቶታል።

«ጨመረ ወይስ ውሃው ቀነሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥጃም ይምጣለት ውሻ ሥራ አያጣም። እኔ ወደ ምክር ከመግባቴ በፊት 11 ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ነበርኩ፤ ስለዚህ አዳላለሁ፣ ዕወቂው። ጀማሪ ሳለሁ ናሙናው መቼ እንደተቀዳ ሳልጠይቅ ጤነኛውን እንስሳ ውሃ አጥሮታል ብዬ ጽፌ አፍሬያለሁ። አንቺ ከሩጫው በፊት፣ ወዲያው ሲያበቃ፣ ከዚያ በ24 እና በ48 ሰዓት ከዚያው ፈረስ ደም ቅጂ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ወንድምሽ ይመስገን። ብድር ከሆነ ትመልሺለታለሽ። ርዕስ መምረጥ ግን ከክፍያው ጋር አብሮ አልተሸጠለትም። ይህን ራስሽ ንገሪው፤ በእናትሽ በኩል አትላኪበት።

ጥናቱን ስትጽፊ፣ እንግሊዝኛሽ ደካማ ከሆነ አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ፈረስ እፈራለሁ ላልሽው፣ የለመደ ሰው ይቅዳ፤ አንቺ ቱቦው ላይ ሰዓቱን ጻፊ። ማስተርሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ላቦራቶሪ ግቢ።

አሁን አማካሪሽ ጋ ሂጂና ሴንትሪፊዩጁ፣ ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን፣ ይሠራ እንደሆነ ጠይቂ። ካልሠራ፣ ርዕሱን ሳይሆን ላቦራቶሪውን ቀይሪ።